ከመስመሩ በላይ የቀሩት ጊደሮች

ስሌት የሚለውን ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት። ልጅቷ የሰባት ዓመት ሳለች ከጣሪያው አሸንዳ ሥር የተቀመጠውን በርሜል ትክ ብላ ስታይ ቆየችና፣ «ዝናቡ እንዲህ ከቀጠለ ነገ ከምሳ በፊት ይሞላል» አለች። በማግስቱ ምሳ ሳይቀርብ በርሜሉ ሞልቶ ፈሰሰ። አክስቷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ «ይቺ ልጅ አይደለችም፤ ስሌት ናት!» አለች። ከዚያ ወዲያ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ስሟን የሚጠሩት አስተማሪዎቿ ብቻ ሆኑ።

አሁን ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷታል። በአንድ የእንስሳት ጤና ተቋም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ አልዘጋ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ በሽታ በመንጋ ውስጥ እንዴት እንደሚዛመት በሒሳብ ማስላት ነው። ላም ማለብ አትችልም፤ መርፌ ይዛም አታውቅም። ግን ዛሬ ስንት ከብት እንደታመመ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ በሽታው በምን እንደሚተላለፍ ከነገሯት፣ በሚቀጥለው ወር ስንት እንደሚታመም ትናገራለች። ስትናገርም ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። ይህን ትዕቢት የሚሉት አሉ። እሷ ግን፣ «እኔ የምጠራጠረው ከመናገሬ በፊት ነው፤ ከተናገርኩ በኋላ መጠራጠር የሰሚው ሥራ ነው» ትላለች።

የአንድ የወተት እርሻ ሥራ አስኪያጅ የጠራት ነገሩ ከእጁ ሊወጣ ሲል ነበር። እርሻው ስድስት መቶ አርባ የሚታለቡ ላሞች አሉት። ከእነሱ መቶ ስልሳ ሦስቱን የጡት በሽታ ይዟቸዋል። ግታቸው ይጠጥራል፤ ወተታቸው ውስጥ እንደ እርጎ ያለ ጓል ይወጣል፤ ወተቱን የሚገዛው ፋብሪካም «ይህን ካላስተካከላችሁ ወተታችሁን አልቀበልም» ብሏል። ስሌት እርሻውን በስም ታውቀዋለች። ያሳደገቻት አክስቷ እዚያ የጥጆች ቤት ኃላፊ ሆና ከሠራች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በልጅነቷ የአክስቷ ቱታ የጥጃ ሽታ እንደያዘ ወንበር ላይ ተሰቅሎ ያድር ነበር።

ሦስት ቀን ሙሉ ማለቢያ አዳራሹ ውስጥ ቆመች። የተውሶ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዛ፣ አላቢዎቹ ሲሠሩ ታያለች። አንዱ ፎጣ ስምንት ላም ይጠርጋል። የማሽኑ ኩባያ ከታመመችው ላም ወልቆ በቀጥታ ጤነኛዋ ላይ ይገባል። ላሞቹ ተራ የላቸውም፤ ቀድማ የደረሰች ቀድማ ትታለባለች። በአራተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ።

«መቶ ስልሳ ሦስቱም ይወገዱ» አሉ የእርሻው ሐኪም። ሽበታቸው ከነጭ ጋዋናቸው የማይለይ፣ ሠላሳ ዓመት እጃቸው ላም ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ሰው ናቸው። «ይህ ባክቴሪያ አንዴ ጡት ውስጥ ጎጆ ከሠራ መድኃኒት አይደፍረውም። በስድስት ወር ያላወጣሁትን አሁን አላወጣውም።»

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ጠረገ። «ዶክተር፣ የመንጋው ሩብ እኮ ነው!»

«ቢወገዱም ዋጋ የለውም» አለች ስሌት።

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«በሽታው የሚኖረው ላሟ ውስጥ ነው፤ የሚጓዘው ግን በእኛ እጅ ነው። አንዷ በሽተኛ እስክትድን ወይም ከመንጋው እስክትወጣ ድረስ በአማካይ አንድ ተኩል ጤነኛ ላም ታስይዛለች። ይህን ቁጥር ከአንድ በታች ካወረድነው በሽታው ራሱን እየበላ ያልቃል። ካላወረድነው ግን፣ እነዚህን ብታስወግዱም ሳይታወቁ የቀሩ ሁለት ሦስት በሽተኞች በዓመቱ መልሰው ይሞሉታል።»

ሐኪሙ ሳቁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ልጄ፣ የወረቀት ላም አትራገጥም።»

«ትራገጣለች ዶክተር። የምትራገጠው ግን የጻፋትን ሰው ነው።»

ይህን ብላ ተነሣችና ነጩ ሰሌዳ ላይ መስመር አሰመረች። በዚያ ሰሞን በየሳምንቱ ሃያ ሁለት ላሞች አዲስ ይታመሙ ነበር፤ መስመሩ ከሃያ ሁለት ተነሥቶ ቁልቁል ወረደ። «ጤነኞቹ ቀድመው፣ የታመሙት መጨረሻ ላይ ይታለቡ። ለእያንዳንዷ ላም የራሷ ፎጣ ይኑራት። ታልባ ስታበቃ የጡቷ ጫፍ መድኃኒት ውስጥ ይነከር። ሌላ ምንም አልጠይቅም። በስድስተኛው ሳምንት አዲስ የሚታመሙት ከአምስት አይበልጡም» አለችና አምስትን በትልቁ ጻፈችው፤ አክብባም ፈረመችበት።

ሥራ አስኪያጁ ሐኪሙን አየ፤ ፊርማውን አየ። «ስድስት ሳምንት» አለ በመጨረሻ። «ከዚያ በኋላ ግን ሐኪሙ እንዳሉት ነው የሚሆነው።»

አላቢዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ። ላሞችን ማሰለፍ ሰዓት ይፈጃል፤ የሚታጠበው ፎጣ ደግሞ ተራራ አከለ። በየሳምንቱ ሰኞ የየላሟ ወተት በመመርመሪያ ፈሳሽ ይፈተናል፤ እንደ ሙጫ የወፈረው የታመመች ላም ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት አሥራ ስምንት ሆነ፤ ሁለተኛው አሥራ አራት፤ ሦስተኛው አሥራ አንድ። ቁጥሮቹ ስሌት ባሰመረችው መስመር ላይ እንደ ዶቃ ተሰካኩ። አላቢዎቹ ማጉረምረሙን ትተው ሰኞን መጠበቅ ጀመሩ።

በአራተኛው ሳምንት አሥር ሆነ። መስመሩ ስምንት ይላል። በአምስተኛውም አሥር፤ መስመሩ ስድስት ይላል። በስድስተኛውም አሥር።

ሐኪሙ ሊያሾፉባት ይችሉ ነበር፤ አላሾፉም። «ከግማሽ በላይ አውርደሽዋል፤ አልክድም» አሉ። «ግን ቆመ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፤ በሽታው መጨረሻ ላይ ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ሃያ ሁለት ላይ ይቆም ነበር» አለች ስሌት። «ሦስት ሳምንት መስመሬን ይዞ ወርዶ በአራተኛው የለቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ለሒሳብ ሞዴሌ ያልነገርኩት ነገር አለ። እስከ ዓርብ ስጡኝ።»

ሥራ አስኪያጁ እስከ ዓርብ ሰጣት።

ያን ቀን ቢሮዋ ገብታ በሩን ዘጋች። ከመሳሳቷ ይልቅ የከነከናት ቁጥሩ ሦስት ሳምንት አሥር ላይ መቆሙ ነበር። በሦስቱ ሳምንታት የታመሙትን ሠላሳ ላሞች ስም ዝርዝር ዘርግታ በየፈርጁ ደረደረቻቸው። በማሽን ደረደረች፤ ምንም የለም። በአላቢ ደረደረች፤ ምንም የለም። በበረት ደረደረች፤ ያው ነው። በዕድሜ ስትደረድራቸው ግን ብዕሯን አስቀመጠች። ከሠላሳው አሥራ አንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለዱ ጊደሮች ነበሩ፤ የመጨረሻውን ሳምንት ለብቻው ስታየው ደግሞ ከአሥሩ አምስቱ። የጊደሮቹ መውለጃ የጀመረው በአራተኛው ሳምንት መሆኑን አስታወሰች። የወለዱበትን ቀን አየች፦ ከትናንት በስቲያ፣ ትናንት፣ ከሦስት ቀን በፊት። አንዷማ ገና እንገሯን እንኳ አልጨረሰችም። ማሽኑ እነሱን ለማስያዝ ጊዜ አልነበረውም።

የራሷን ሞዴል የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች። በገዛ እጇ ጽፋዋለች፦ «ጊደሮች ወደ መንጋው ሲገቡ ጤነኞች ናቸው።»

«ይህን ማን ነገረኝ?» አለች ጮክ ብላ። ማንም አልነገራትም። ብቻዋን ሳቀችና ሐኪሙ ጋ ደወለች።

«ዶክተር፣ ገና ያልወለደች፣ ታልባ የማታውቅ ጊደር ይህ በሽታ ሊኖርባት ይችላል?»

«ይቻላል» አሉ ሐኪሙ ቀስ ብለው። «ከያዛት ግን የያዛት በጥጃነቷ ነው። የታመመች ላም ወተት የጠጣች ጥጃ አፏ ባክቴሪያ ይይዛል፤ ከዚያ ጓደኛዋን ስትጠባ እዚያች ትንሽ ጡት ላይ ትተክልላታለች። እስክትወልድ ተኝቶ ይጠብቃል።» ከዚያ፣ «ጥጆቹ የሚጠጡት የማንን ወተት ነው?» አሉ።

ሁለቱም የጥጆች ቤት ኃላፊ ማን እንደሆነች ያውቃሉ።

«ሊወልዱ ከደረሱት ጊደሮች የሃያውን ናሙና ይውሰዱልኝ» አለች ስሌት። «ግምቴን አሁኑኑ በመልእክት እልክልዎታለሁ። ውጤቱ ሳይወጣ።»

እሷ የጥጆች ቤት ስትደርስ አክስቷ የከሰዓቱን ወተት እያደለች ነበር። ረጅም፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው፤ ጥጆቹ አሥር አሥር እየሆኑ በአንድ ጉረኖ ይታጎራሉ። አክስቷ በሁለት እጇ ሁለት ባልዲ ይዛ፣ ሁሉንም በቅጽል ስም እየጠራች፣ «ቀስ በይ አንቺ ሆዳም! ለጓደኛሽ አስቀሪ!» ትላለች።

«አክስቴ፣ ይህ ወተት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከየት ይመጣል? ፋብሪካው እምቢ ያለው ነዋ፤ የሕመምተኞቹ። ታዲያ ልድፋው? ወተት ይደፋል? ግፍ አይሆንም?» አክስቷ ባልዲውን አስቀመጠችና ወገቧን አቀናች። «ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው?»

ስሌት ወደ ጉረኖው አሳየቻት። ጠጥታ የጨረሰች አንዲት ቡናማ ጥጃ አንገቷን በጓደኛዋ ሆድ ሥር አስገብታ፣ ጭራዋን እያወዛወዘች ትጠባለች። በአፏ ዙሪያ የወተት አረፋ አለ።

ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። አላለዘበችውም፤ አክስቷ የለዘበ ነገር እንደማትወድ ታውቃለች። አክስቷ ስትሰማ ቆየች፤ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት!» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ጥጃ ተርባ አላደረችብኝም። ታማ ስትቀር ጭኔ ላይ አስቀምጬ በጣቴ ያጠባሁ ሰው ነኝ። አሁን መጥተሽ ያሳመምሻቸው አንቺ ነሽ ትዪኛለሽ?»

«አንቺ ጥጆቹን መገብሽ። እነሱ የበሉት ግን በሽታውን ጨምረው ነው። ዓርብ በስብሰባው ላይ እናገራለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት።»

አክስቷ ባልዲዋን ወደ ቧንቧው ወስዳ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበችው። ስሌት እዚያ ቆማ የአክስቷን ጀርባ አየች። አምስተኛ ክፍል ሳለች ትኩሳት ይዟት ሦስት ቀን ያዘላት ጀርባ ነው። ቢሆንም ከተናገረችው አንዲት ቃል መልሳ ብትወስድ ውሸት እንደሚሆን ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ምንም ሳትወስድ ወጣች።

ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ወደ ስብሰባው ክፍል የገቡት ወረቀት በአንድ እጃቸው፣ ስልካቸውን በሌላው ይዘው ነው። መቀመጫ ሳይፈልጉ፣ «ከሃያው ጊደር አሥራ ሦስቱ ተይዘዋል» አሉ። ከዚያ ስልኩን ለሥራ አስኪያጁ አቀበሉት። «ሰኞ የላከችልኝን አንብብ።»

ሥራ አስኪያጁ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት።»

«እንዴት አወቅሽ?» አለ ቀና ብሎ።

«በሳምንት ስምንት ጊደር ይገባል፤ ከመስመሬ በላይ የቀሩት አምስት ናቸው። ከስምንት አምስት ማለት ከሃያ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ግማሽ ጊደር ስለሌለች ሁለቱንም ጻፍኩ።»

«ታዲያ ጊደሮቹን ያስያዛቸው ምንድን ነው?»

ስሌት አፏን ልትከፍት ስትል በሩ ተከፈተና አክስቷ ገባች። ማንም አልጠራትም። ቱታዋን አጥባ ለብሳለች፤ ጸጉሯን አስራለች። አልተቀመጠችም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል» አለች። «እኔ አልደበቅኩም፤ የጠየቀኝ ስላልነበረ ነው። አሁን ግን ሳልጠየቅ እናገራለሁ። የታመሙትን ወተት ለጥጆቹ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ወተት ሲደፋ ማየት አንጀቴ አይችልም። በሽታው በዚያ እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ይኸው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «በገዛ እጃችን! ከስድስት ወር በላይ ሐኪም ስንቀልብ፣ ፎጣ ስናጥብ፣ በገዛ…»

«ቆይ» አሉ ሐኪሙ። ከዚያ ቀን በፊት ድምፃቸውን እንዲህ ዝቅ አድርገው ሲናገሩ የሰማቸው የለም። «በዚያ ቤት በር በየቀኑ አልፋለሁ። ባልዲውን አይቻለሁ፤ ወተቱ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። ይህን ነገር በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ተፈትኜበታለሁ። ሳላነሣው ያለፍኩት እኔ ነኝ። የምትቆጣ ከሆነ ከእኔ ጀምር።»

«እኔም ጊደሮቹ ጤነኞች ናቸው ብዬ የጻፍኩት ሳልጠይቅ ነው» አለች ስሌት። «አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ስድስት ሳምንት ባልጠፋ። አሁን ጥፋቱ ለሦስት ተካፈለ፤ ወደ ሥራው እንግባ?»

ሥራ አስኪያጁ ሦስቱንም በተራ አያቸው። ቁጣው ማረፊያ አጣ። ወንበሩ ላይ ተደግፎ፣ «እንግባ» አለ።

«ወተቱ ቢፈላስ?» አለች አክስቷ ወዲያው፤ ጠዋቱን ሙሉ ስታስብበት የቆየች ይመስል።

«ቢፈላ ባክቴሪያው ይሞታል» አሉ ሐኪሙ። «መድኃኒት ላይ ያለች ላም ወተት ግን ቢፈላም መድኃኒቱ አይለቀውም። እሱ መደፋት አለበት።»

«እሱን እኔ አልደፋም። ሌላ ሰው ይድፋው፤ እኔ በሌለሁበት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም አብረው ሳቁ። ከዚያ ሥራው ተደለደለ፦ ጥጆቹ ወተት እስኪተዉ ድረስ አንዷ ሌላዋን እንዳትጠባ ለየብቻ ይታሰራሉ፤ ሊወልዱ የደረሱ ጊደሮች አስቀድመው ይመረመራሉ፤ የተያዙት ከመውለዳቸው በፊት ይታከማሉ። በሽታው ያረጀባቸውና ሕክምና እምቢ ያሉ ሠላሳ አንድ ላሞች ይወገዳሉ፤ ሐኪሙ አንድ በአንድ ራሳቸው መረጧቸው፤ ስሌትም አልተከራከረችም። ሊወገዱ ከነበሩት መቶ ስልሳ ሦስት ላሞች መቶ ሠላሳ ሁለቱ ተረፉ።

«መቼ ነው ዜሮ የሚሆነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ዜሮ አልልህም። ትናንት ወተቱን የጠጡት ጥጆች አድገው እስኪወልዱ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እስከዚያ ድረስ ከኋላ እየመጡ ነው። ምርመራው ግን አብዛኞቹን በር ላይ ይይዛቸዋል። በሦስት ወር ውስጥ በሳምንት ሦስት ገደማ ይሆናል። አንዱ ሳምንት አንድ፣ ሌላው ስድስት ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ያየህ ቀን አትደንግጥ።»

እንዳለችውም ሆነ፤ በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ሦስት፣ በቀጣዩ ሁለት። ፋብሪካው መኪናውን መላክ ቀጠለ። ሐኪሙ አንድ ቀን ሳይታሰብ የስሌትን ቢሮ ደረጃ እያለከለኩ ወጡና ጠረጴዛዋ ላይ ወፍራም መዝገብ አኖሩ። የሠላሳ ዓመት የእጅ ጽሑፋቸው ነበር፤ የትኛዋ ላም መቼ ታመመች፣ መቼ ዳነች፣ ከማን ጋር ታሰረች። «ቤት ተቀምጦ ብል ከሚበላው የአንቺ ወረቀት ላም ትብላው» አሉ። ስሌት መዝገቡን ገልጣ ሦስት ገጽ አነበበችና ለሻይ እንዲቀመጡ ሳትጠይቃቸው ቀረች፤ እሳቸው ግን ተቀምጠው ጠበቋት።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ አክስቷ ሁለት ሳምንት አኩርፋ ነበር። ሦስተኛው እሑድ ስሌት እንደ ድሮዋ ሳታንኳኳ ገባች፤ አክስቷም እንደ ድሮዋ፣ «ጫማሽን በር ላይ» አለቻት። ምሳ በሉ፤ ዕቃ አጠቡ። አክስቷ እጇን በፎጣ እያደረቀች፣ «እስቲ ያንን ወረቀትሽን አሳይኝ» አለች። «በጥጆቼ ላይ ምን እንደጻፍሽ ልወቅ።»

ስሌት ኮምፒውተሯን ከፍታ አስረዳቻት፦ አንድ ጉረኖ ውስጥ አሥር ጥጆች አሉ፤ እያንዳንዷ ጥጃ ማንኛዋንም ጓደኛዋን እኩል የመጥባት ዕድል አላት፤ ከዚያ በመነሣት…

«ቆይ፣ ቆይ» አለች አክስቷ። «እኩል? ማን ነው እኩል ያለሽ?»

«እንዲያ ይወሰዳል፤ ለስሌቱ እንዲመች…»

«አይ ልጄ! ጥጃ አይተሽ አታውቂም ማለት ነው። ከአሥር ጥጆች ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ጠቢ አለች፤ ቢበዛ ሁለት። እሷ ናት ሁሉንም የምትዞረው፤ ሌሎቹ ወተታቸውን ጠጥተው ይተኛሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሲመገቡ ሳይ ጠቢዋ የትኛዋ እንደምትሆን አውቃታለሁ። እሷን ብቻ ብትለይልኝ ዘጠኙን ለየብቻ ማሰር ባላስፈለገኝ።»

ስሌት እጇ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ እንዳለ ቀረ። ከአሥር አንዷ፤ ሁሉንም የምትዞር አንዷ። መስመሩ ሌላ ቅርጽ ሲይዝ በዐይኗ ታያት፤ ገና አንድ ቁጥር ሳትጽፍ ትክክል መሆኑን አወቀች።

«አክስቴ» አለች ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች፣ «ተቀመጪ። በምን እንደምታውቂያት ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«በምላሷ ነው፤ ወተቱ ካለቀ በኋላም ባልዲውን መላስ አትተውም» አለች አክስቷ፤ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች። «ጻፊ።»